ስሟን የማታውቋት መለዋወጫ፦ ጂማ ላይ ሆኖ መለየት፣ መግዛት፣ መግጠም

ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ብሏል፤ ወይ የልብስ ማጠቢያው እምምም እያለ አልዞር ብሏል። ከፍታችሁ ስታዩ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር ተሰንጥቃ ታገኛላችሁ። መበላሸቷ ግልጽ ነው፤ ሽታዋ ራሱ ይናገራል። ምን እንደምትባል ግን አታውቁም። ገበያ ወርዳችሁ "ትንሽ ናት፣ ጥቁር፣ ሁለት ሽቦ ያላት" ስትሉ ባለሱቁ "ስሟ ማነው?" ይላችኋል። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ስትደውሉም ያው ጥያቄ ይጠብቃችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰለችና በትንሽ ብር ሊድን የሚችለውን ዕቃ ለቁራሌ ይሸጣል።

ስሟ ባይታወቅም ትገዛለች። አራት ነገር ያዙ፦ የት ተቀምጣ ነበር፣ ሥራዋ ምንድን ነው፣ ላይዋ ላይ ምን ተጽፏል፣ ልኳ ስንት ነው። አራቱን ይዞ ለሄደ ሰው ስሙን ባለሱቁ ራሱ ይነግረዋል።

ከመፍታታችሁ በፊት

ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። "መብራት እኮ የለም" ብላችሁም አትዘናጉ፤ መብራት ሲመለስ አንኳኩቶ አይገባም። ዕቃው እንደ ቦይለር ከግድግዳ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ ብሬከሩን አውርዱና ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገሩ። አለዚያ አንዱ "ይሄን ደግሞ ማን አጠፋው?" ብሎ ያነሳዋል፣ እጃችሁ ደግሞ ውስጥ ነው።

ሁለት ነገር አትንኩ። አንዱ ማይክሮዌቭ ነው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር 2,000 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚይዝ ነው፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል። እሱን ለባለሙያ ስጡ። ሌላው የፍሪጁ የጋዝ መስመር ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች የሚሠሩበት አር 600ኤ የሚባለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ምልክት ካያችሁ እሱ ነው። ቱቦውን አትቁረጡ፣ አትበይዱ፣ አጠገቡ እሳት አታምጡ። ከቱቦው ውጭ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ግን ተነቅሎ የሚቀየር ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቀጥሎ ፎቶ። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱ። ሽፋኑ እንደተከፈተ ከራቅ ብላችሁ አንድ አንሱ፣ ከዚያ እየቀረባችሁ፣ እያንዳንዱ ሽቦ የትኛዋ እግር ላይ እንደተሰካ እስኪታይ ድረስ። ሽቦዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም ከሆኑ በናስትሮ ጠቅልላችሁ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉባቸው። ቡናማው መስመር፣ ሰማያዊው ኑል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ ነው የሚባለው ከፋብሪካ ለወጣ ዕቃ ልክ ነው። ከዚህ በፊት የሰው እጅ የገባበት ከሆነ ግን ቀለሙን አትመኑ፤ እኛ አገር ጥገና ላይ የሚቀጠለው የተገኘው ሽቦ ነው። ብሎኖቹንም ከየት እንደወጡ በየስኒው ለዩ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ስታስገቡ ከኋላ ያለውን ነገር ይወጋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ በተለይ ለእኛ ከተማ። ጂማ ዝናብ አያጣትም፣ እርጥበቱ ቤት ውስጥም ይገባል። ክፍሏ ደህና ሆና የሽቦው መሰኪያ ብቻ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ወይ ላልቶ ዕቃው የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ "ይቺ ናት የሞተችው" ከማለታችሁ በፊት መሰኪያውን ንቀሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉት፣ የላላውን በፒንሳ ጠበቅ አድርጋችሁ መልሱት። አይጥ የበላው ሽቦ ካለም እዚሁ ላይ ይታያል። በዚህ ብቻ የሚነሳ ዕቃ ስንት አለ።

የት ነበረች?

ከስፒናው የሚገባውን ሽቦ በጣታችሁ ተከተሉ። መንገዱ ላይ ያለው ነገር በየተራ ማንነቱን ይናገራል። መግቢያው አካባቢ ያለችው ፊውዝ ወይ ማብሪያ ናት። ከሞተሩ ጋር በሽቦ የተያያዘች ክብ ወይም አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ቆርቆሮ ካፓሲተር ናት፤ አንዳንዱ ሱቅ ኮንደንሰር ይላታል። የሚግል ብረት ላይ በሁለት ብሎን የተጣበቀች የሳንቲም መጠን ያላት ክብ ነገር ቴርሞስታት ናት። ሙቀት በሚችል ነጭ ወይም ቢጫ ቱቦ ውስጥ፣ ሽቦ መሃል ተደብቃ የምትገኘው ቀጭን ነገር ቴርማል ፊውዝ ናት፣ ዕቃው ከልክ በላይ ሲግል ተቃጥላ መስመሩን የምትቆርጥ፤ ካውያ፣ ሩዝ ማብሰያና ቡና ማፍያ ውስጥ ፈልጓት። ውሃ በሚገባበት ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ቫልቭ ነው፣ ታች ውሃ በሚወጣበት ያለው ፓምፕ ነው። ዘንግ ላይ የተቀመጠው የብረት ቀለበት ኩሽኔታ ነው፤ ማጠቢያው ልብስ ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን የሚጮኸው እሱ ሲያልቅ ነው።

ፍሪጅ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በከንቱ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ነው። ከኋላ፣ ከታች፣ ጥቁሩ ክብ ብረት ኮምፕረሰሩ ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ሽፋን አለች፤ በሽቦ ማያዣ ወይ በአንድ ብሎን ትያዛለች። ስታነሷት ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንዷ ኦቨርሎድ ናት፤ ኮምፕረሰሩ ሲግል ወይም ከልክ በላይ ከረንት ሲስብ መስመሩን ትቆርጣለች። ሌላዋ ማስነሻዋ ናት፤ ሪሌ ይሏታል። ብዙዎቹ ሪሌዎች ውስጥ ክብ የሴራሚክ ክኒን አለ። ቀዝቃዛ ሳለ ከረንት ያሳልፋል፣ ሲግል ማሳለፉን ያቆማል። ኮምፕረሰሩ እንደተነሳ በውስጡ ያለውን የማስነሻ ሽቦ ጥቅል ከሥራ የሚያስወጣው በዚህ ነው።

ክኒኗ ስትሰበር ፍሪጁ እምምም ይላል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና "ቀጭ" ብሎ ዝም ይላል። ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና እምምም፣ ቀጭ። ይሄ "ቀጭ" የኦቨርሎዷ ድምፅ ነው፤ ኮምፕረሰሩ እንዳይቃጠል እየቆረጠችለት ነው። ሪሌዋን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡና ንቀሏት፣ ከዚያ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቋት። ውስጧ የተሰባበረ ነገር ከተንኮሻኮሸ ነገሩ አለቀ፤ እሷው ናት። ካልተንኮሻኮሸች በቴስተር፣ ማለትም ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ፣ ለኳት። ቀዝቅዛ ሳለ ከጥቂት ኦም እስከ ጥቂት አስር ኦም ካሳየች ክኒኗ አለች ማለት ነው። ኦቨርሎዷ ደግሞ ቀዝቃዛ ሳለች ወደ ዜሮ የሚጠጋ ማሳየት አለባት።

እግረ መንገዳችሁን ኮምፕረሰሩንም ፈትሹ። ሪሌዋ የተነቀለችበት ቦታ ላይ ሦስት እግሮች አሉ። ሁለት ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ኦሙን ለኩ። ትልቁ ንባብ የሌሎቹ የሁለቱ ድምር መሆን አለበት፤ 12 እና 18 ካገኛችሁ ሦስተኛው 30 ገደማ ይሆናል። አንዱ ጭራሽ ካላነበበ፣ ወይም ከሦስቱ አንዱ ከኮምፕረሰሩ ብረት ጋር ሲለካ ካነበበ፣ ችግሩ ሪሌዋ አይደለችም፤ ወጪውም ሌላ ነው። ልኬቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ "ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

ሪሌ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ለኩ። 220 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ማታ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ መብራቱ ይደክማል፣ ቮልቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ደህና ፍሪጅም ለመነሳት አቅም ያጣና እምምም፣ ቀጭ ይላል። ቀን ደህና ሠርቶ ማታ ብቻ እንዲህ የሚሆን ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቮልቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ነው።

ምን ተጽፏል?

ጥላሸቱን በጨርቅና በአልኮል ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። በምላጭ አትፋቁ፤ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩባት፣ ፎቶ አንሱና አጉሉት። ጽሑፉ የተቀረጸ ከሆነ ጠመኔ ቀብታችሁ በጣት ጥረጉት፤ ነጩ ፊደሉ ውስጥ ይቀራል።

ብዙ ሰው ገልብጦ የሚመጣው ረጅሙን ቁጥር ነው። ከዓርማ አጠገብ የተጻፈ ረጅም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የመርማሪ ድርጅት የፈቃድ ቁጥር ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ላይ ይገኛል። እናንተ የምትፈልጉት ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ ሙቀቱንና የክፍሏን አጭር መለያ ነው። ማብሪያ ወይም ቴርሞስታት ላይ "16(4)" የሚል ብታዩ፣ 16ቱ ለማሞቂያ የምትችለው አምፔር ነው፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው 4 ደግሞ ለሞተር ነው። "ቲ 125" ማለት ክፍሏ እስከ 125 ዲግሪ ባለ አካባቢ መቀመጥ ትችላለች ማለት ነው። በእሷ ቦታ "ቲ 85" ብትገጥሙ ማብሪያው ሊቀልጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ረከስ ስለሚል ሱቁ ሊያቀርብላችሁ ይችላል።

ሳንቲም የምታክለው ክብ ቴርሞስታት ላይ ብዙ ጊዜ "ኬ ኤስ ዲ 301" የሚል አለ። ይሄ የዓይነቷ መጠሪያ ነው፤ እሱን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መቶ ዓይነት ይወጣላችኋል። ቁም ነገሩ ከሱ ቀጥሎ ያለው የዲግሪ ቁጥር ነው፤ 85፣ 95፣ 150 ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ቀዝቃዛ ሳለች ዝግ ናት ወይስ ክፍት? ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ቦታ አድርጋችሁ ሁለቱን እግር ንኩ። ከጮኸ ዝግ ናት፣ ከረንት ታሳልፋለች ማለት ነው። የተቃጠለችው ላይ ይህን ማወቅ ያስቸግራል፤ ማሞቂያን የምታጠፋ ከሆነች ግን ቀዝቃዛ ሳለች ዝግ የነበረች ናት ብላችሁ ብትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳቱም።

ካፓሲተርን ከመንካታችሁ በፊት አራግፏት። የአምፖል መያዣ ላይ ውስጡ የሚግል ክር ያለው የድሮ አምፖል አስገብታችሁ ሁለቱን ሽቦ ከሁለቱ እግሮቿ ጋር ለጥቂት ሰከንድ አነካኩ፤ የያዘችው ይወጣል። እጃችሁ የተሸፈነውን ክፍል ብቻ ይያዝ። ከዚያ አንብቧት። "ሲ ቢ ቢ 60" የሚለው ዓይነቷ ነው፤ 60 ማይክሮፋራድ መስሎት ገዝቶ የሚመጣ ሰው አለ። ማይክሮፋራዱ፣ ማለትም የካፓሲተሯ የመያዝ አቅም፣ ለብቻው ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜም አጠገቡ የ5 ፐርሰንት ልዩነት ምልክት አለ። እሱ ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ቮልቱ ግን ሊበልጥ ይችላል፤ በ400 ቦታ 450 ይገባል፣ በ450 ቦታ 250 አይገባም። ባለ ሁለት ገንዳ ማጠቢያዎች ላይ ሁለት ካፓሲተር በአንድ ቆርቆሮ ይመጣሉ፣ "10+5" ተብሎ ይጻፋል። ትልቁ ለማጠቢያው ሞተር፣ ትንሹ ለመጭመቂያው ነው። እዚህ ላይ ነው ፎቶው ዋጋ የሚያወጣው፤ ሽቦዎቹን ካቀያየራችሁ ሁለቱም ሞተር ይሠራል ግን አንዱ ደካማ፣ ሌላው ትኩስ ይሆናል። ሆዷ ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣች ካፓሲተር ለመለካት አትድከሙ፤ ሞታለች።

ኩሽኔታ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ፣ ዓለም ላይ ሁሉ አንድ ነው። 6203 ካለ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6204 ከሆነ 20፣ 47፣ 14። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዙ የውስጡን ስፋት ይሰጣችኋል። ከቁጥሩ ኋላ "ዜድ ዜድ" ካለ ሽፋኑ ብረት ነው፣ "2 አር ኤስ" ካለ ጎማ ነው። ለልብስ ማጠቢያ ጎማውን ግዙ፣ ውሃና ሳሙና አያስገባም። የመኪናና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅም ስለሚይዘው ጂማ ላይ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም። ሲገጠም አብሮት ያለውን የውሃ መከላከያ ጎማ ሳትቀይሩ አትዝጉ፤ ኩሽኔታውን የገደለው እሱ አርጅቶ ያስገባው ውሃ ነው።

ምንም ያልተጻፈባት

እዚህ ላይ ማስመሪያና ቴስተር ነው። ውፍረትና ስፋት በትክክል የሚለካው ካሊብሮ ካላችሁ ይሻላል። የመካኒክ ወይ የብረት ሥራ ቤት ሁሉ አለው፣ ለአንድ ደቂቃ ቢጠየቁ አይከለክሉም። ሰፈራችሁ የጂማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ ያለበት ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ከሆነ ኤሌክትሪካል የሚማር ተማሪ ፈልጉ፤ ቴስተሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ታገኛላችሁ፣ ክፍያውም ምሳ ነው።

የማጠቢያ ቺንጋ ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። "1270 ጄ5" ካለ ርዝመቱ 1,270 ሚሊ ሜትር ነው፣ 5ቱ ደግሞ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ብዛት ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ጥርሶቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ክር አዙራችሁ ዙሪያውን ለኩ። ያረጀ ቺንጋ ትንሽ ስለሚለጠጥ ከለካችሁት ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለውን ያዙ።

የፍሪጅ በር ጎማ ላይ የሚለካው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይሆን የሚገባበት ቦይ ከመሃል እስከ መሃል ነው። ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ቅርጹን የሚያመሳስለው በዚያ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ የወረቀት ብር በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገው ጎማው ደህና ነው። የሚላላው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ እዚያ ቦታ ትኩስ ውሃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ አሙቁትና በእጅ ሳብ ሳብ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የምድጃ ማዞሪያ ከተሰበረ ደግሞ ጂማን የመሰለ አገር የት ይገኛል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚያወጡ ሰዎች ባሉበት ከተማ ለአንዲት ማዞሪያ አዲስ አበባ መደወል ነውር ነው። የዘንጉን ውፍረትና ጠፍጣፋ ጎኑን ለክታችሁ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ለእንጨት ሠራተኛ ስጡ። ዋንዛ ይበቃል። ማዞሪያው ከእሳቱ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ማለት ነው፤ እሳቱ የሚደርስበት ከሆነ ብረት ወይም ፋብሪካ የሠራው ይሁን።

አሁን ምጣድ። የምጣድ ሽቦ ላይ ጽሑፍ የለም፣ ሂሳብ ግን አለ። 220ን በ220 አባዙ፣ 48,400 ይመጣል፤ ያንን ለምጣዱ ዋት አካፍሉት። 3,500 ዋት ምጣድ 13.8 ኦም ገደማ ሽቦ ይፈልጋል፣ 16 አምፔር ይስባል። ሽቦው ሲበጠስ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተበጠሱት ጫፎች ይጠመዘዛሉ፣ ምጣዱም ይቀጥላል። በተጠመዘዘ ቁጥር ግን ሽቦው ያጥራል፣ ባጠረ ቁጥር ኦሙ ይወርዳል፣ ከረንቱ ይጨምራል። 11 ኦም ሲደርስ 20 አምፔር እየሳበ ነው፣ ወደ 4,400 ዋት። "ምጣዱ አሁን እንዴት ያለ ሞቀ!" የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው፣ ስፒናው ቀልጦ ሶኬት ላይ የሚጣበቀውም በዚህ ጊዜ ነው። ስፒና ከመቀያየራችሁ በፊት ሽቦውን ለኩ። ሱቅ ስትሄዱ "የምጣድ ሽቦ ስጠኝ" አትበሉ፤ ዋቱን ተናገሩ፣ ከመክፈላችሁ በፊትም እዚያው በቴስተር አስለኩት።

ግዢው

አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ። ሁልጊዜ። ፎቶም ቢኖር እሷን አትተዉ። የገበያ ቀን ግን አትሂዱ፤ የጂማዋ ሕርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምራ በሐሙስ ገበያዋ የታወቀች ናት፣ በዚያ ግርግር መሃል የማትታወቅ ጥቁር ነገር ለማየት ጊዜ ያለው ነጋዴ የለም። ረፋድ ላይ፣ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ጥሩ ነው። መለዋወጫ ሱቅ ካጣችሁ ጥገና ቤቶችን ጠይቁ። ጥግ ላይ የተከመሩት የሞቱ ማጠቢያዎችና ፍሪጆች የመለዋወጫ መጋዘን ናቸው። ከዚያ ያገለገለ ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ማዞሪያ፣ የበር መቆለፊያ መውሰድ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ከአዲሱ ቅጂ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር፣ ቴርማል ፊውዝ፣ ኦቨርሎድና ኩሽኔታ ግን ያገለገለ አትግዙ። ዕድሜያቸውን ማን ቆጥሯል?

ጂማ ላይ ከጠፋች አዲስ አበባ መርካቶ ናት። ምናለሽ ተራ የማይገኝ ያገለገለ ነገር ጥቂት ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስላለ ግን የተሳሳተች ክፍል ተልካ ብትመጣ መመለሻው ከዋጋዋ ይበልጣል። ስለዚህ የምትልኩት መልእክት እንዲህ ይሁን፦

"ሰላም ወንድሜ። የባለ ሁለት ገንዳ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ፈልጌ ነው። ከሞተሩ ጋር የምትያያዝ፣ ክብ፣ ነጭ ፕላስቲክ። የተጻፈባት 10+5 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት። ርዝመቷ 7 ሳንቲ፣ ውፍረቷ 4 ሳንቲ፣ ሽቦዋ አራት። ከማስመሪያ ጋር ያነሳኋት ፎቶ ይኸው። የማሽኑ የሞዴል ቁጥርም ሁለተኛው ፎቶ ላይ አለ። ካለህ እጅህ ላይ ያለችውን አንስተህ ላክልኝ፤ ካልገጠመች መመለስ ይቻላል?"

"እጅህ ላይ ያለችውን" የሚለውን አትርሱ። ከኢንተርኔት የወረደ ቆንጆ ፎቶ የሚልክላችሁ ሰው ዕቃው የለውም፣ ሲከፈለው ሊፈልግ ነው። የሞዴል ቁጥሩን የምታገኙት ፍሪጅ ላይ ብዙ ጊዜ ውስጥ በጎን ግድግዳው፣ አትክልት ማስቀመጫው አካባቢ ነው፤ ማጠቢያ ላይ ከኋላ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ፤ ሻይ ማፍያና ካውያ ላይ ከሥር። የመመለሱን ጥያቄ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከከፈላችሁ በኋላ መልሱ ይቀየራል።

መግጠም

አሮጌዋንና አዲሷን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእግሮቹ ብዛት፣ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት ይመሳሰላሉ? ጠፍጣፋዎቹ መሰኪያዎች ብዙዎቹ 6.3 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ 4.8 የሆኑም አሉ። ትልቁ መሰኪያ ትንሿ እግር ላይ ሲገባ የገባ ይመስላል፣ ግን ላላ ነው፣ የላላ ነገር ይግላል፣ ይቃጠላል። ሽቦዎቹን ሁሉንም በአንዴ አትንቀሉ፤ አንዱን ከአሮጌዋ ነቅላችሁ አዲሷ ላይ ሰኩ፣ ከዚያ ቀጣዩን።

ቴርማል ፊውዝ ስትቀይሩ በስታኞ አትበይዱት፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ያቃጥለዋል። በሚጨመቅ ማያያዣ፣ በፒንሳ ተጨፍልቆ ይያያዛል። በእሱ ቦታ ሽቦ አገናኝቶ መገላገልንም አደራ። ካውያው ይሠራል፣ እውነት ነው፤ ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ሲጣበቅ ግን የሚቆርጥለት የለም፣ የሚቃጠለው ቤት ነው። የዲግሪውን ቁጥርም ጠብቁ፤ 172 ካለ 172 ግዙ። "ከፍ ያለው ይበረታል" የሚል ሻጭ ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት ለምን ተቃጠለች ብላችሁ ጠይቁ። የማጠቢያ ፓምፕ ከሆነ ውስጡ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የካልሲ ክር ፈልጉ። የሻይ ማፍያ ቴርሞስታት ከሆነ ታች ያለውን ነጭ ቅርፊት በሎሚ ወይ በኮምጣጤ አፍልታችሁ አስለቅቁ። የፍሪጅ ኦቨርሎድ ከሆነ ከኋላ ያለው የቱቦ ፍርግርግ አቧራ ለብሶ እንደሆነ፣ ፍሪጁም ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እንደሆነ እዩ። ይህን ዘላችሁ ከሰካችሁ አዲሷም በቅርቡ ትከተላለች።

ሽፋኑን መልሱ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ከዚያ ብቻ ሰኩ። ፍሪጅ ከሆነ ካጠፋችሁት በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ በውስጡ ያለው ግፊት ሳይስተካከል ሲነሳ ይታገላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ሁኑ። አሽትቱ። ከዚያ ስፒናውን ንቀሉና የስፒናውን እግሮች ንኩ፤ ለብ ያለ ይሁን፣ የሚያቃጥል ከሆነ ሶኬቱ ወይም መሰኪያው ላልቷል። ገላውን ስትነኩት ከነዘረ ወዲያው ንቀሉት፤ የሆነ ሽቦ ብረቱን ነክቷል ወይም ኧርዙ አልተመለሰም።

ሲሠራ ካያችሁ በኋላ ከአዲሷ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥርና የገጠማችሁበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ከሽፋኑ ውስጥ፣ ከሙቀትና ከሽቦ ራቅ ያለ ቦታ ላይ በናስትሮ ለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።